የውባንተ ቀኝ እጅ

ውባንተን ስብሰባ ላይ ያላየ ሰው ውባንተን አውቀዋለሁ አይበል። ቤቱ ዝም ነው፤ ማሳው ላይ ዝም ነው፤ ጠላ ቤት ቢገባ እንኳ ጣሳውን ጨብጦ የሰው ወሬ ሰምቶ ይወጣል። ስብሰባ ላይ ግን አንድ ሥራ አለችው፤ እጅ ማውጣት። ከፊቱ ይርዳው የሚባል ትከሻ ሰፊ ጎረቤቱ ይቀመጣል። የይርዳው እጅ ሲነሳ የውባንተ ይነሳል፤ የይርዳው ሲወርድ የእሱም ይወርዳል። ነገሩ ስለ ማዳበሪያ ይሁን ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ አንድ ለአምስት አደረጃጀት ይሁን ስለ ሴቶች ቀን፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። ስብሰባው ሲበተን "ምን ተባለ?" ብትሉት "ጸደቀ" ይላችኋል። ምን እንደጸደቀ መጠየቅ ግን ትርፉ ድካም ነው።

መተማ ውስጥ፣ ከኮኪት ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደር ጎረምሶቹ "የቀበሌው ባንዲራ" ይሉታል፤ ሁልጊዜ እንደተሰቀለ ነው ብለው። እሱ አይከፋውም። ወይ ጉድ! ሰው እንዴት አይከፋውም? እሱ ግን ከነአካቴው አይከፋውም።

መቼም ሰው እንዲህ ሆኖ አይወለድም። ውባንተ በወጣትነቱ፣ ጎጃም ደጋ ላይ ሳለ፣ አፍ የነበረው ሰው ነው። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ገብቶ ፊደል በመቁጠሩ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ አደረጉት። የጸሐፊው ዋና ሥራ ደግሞ ስብሰባ ሲከፈት ግራ እጁን ጨብጦ "አድኃሪያን ይውደሙ!" ማለት ነበር። ሕዝቡም ዋርካው ሥር ተቀምጦ "ይውደሙ!" ይላል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከስብሰባ በኋላ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ይኼ አድኃሪ የምትሉት ሰው ከየት አገር ነው የሚመጣ?" ብለው ጠየቁት።

"አገር የለውም አባባ። ወደ ኋላ የሚጎትት ማለት ነው" አላቸው፣ ካድሬው እንዳስጠናው።

"እንዲያ ከሆነማ እኔም ወደ ኋላ የሚጎትት በሬ አለኝ፤ እሱንም ይውደም በሉልኝ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ውባንተም ሳቀ። ያን ጊዜ መሳቅ ይችል ነበር።

መንግሥት ተለወጠ። በሰማንያ ዘጠኝ የመሬት ሽግሽግ መጣና ሕዝቡ እዚያው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። አዲሱ ካድሬ ልጅ እግር ነው፤ ድምፁም ለስላሳ። ስም እየጠራ ሰውን በየፈርጁ አስቀመጠው። ይኼ የፊውዳል ርዝራዥ፣ ያ ቢሮክራት። የውባንተ ስም ቢሮክራት ከተባሉት ጋር ተጠራ። ቢሮክራት የተባለ ደግሞ መሬቱ ይቆረጣል። በዚህ ጊዜ ውባንተ ተነሣ። ምነው ባልተነሣ!

"እኔ ምን ቢሮ ኖሮኝ ነው ቢሮክራት የምትሉኝ? ቢሮዬ ያቻት፣ የዋርካዋ ሥር! በሬ ጠምጄ አርሼ የምበላ ሰው አይደለሁም ወይ? እናንተስ አታውቁኝም?" አለና ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ።

ልጅ እግሩ ካድሬ አልተቆጣም። ወደ ሕዝቡ ዞሮ አስተማሪ ተማሪ ሲያስረዳ በሚናገረው ድምፅ "አያችሁ? አድኃሪ የሚባለው ይኼ ነው። ለውጥ ሲመጣ አፉን ይዞ የሚነሣ" አለ። ውባንተ የገዛ ዱላውን ሰው እጅ ላይ እንዳየ ሰው ደርቆ ቀረ። ካድሬው "መሬቱ ይሸጋሸግ የሚለውን የምትደግፉ?" ሲል ሁሉም እጁን አወጣ። ጎረቤት አወጣ፤ የልጁ የክርስትና እናት አወጣች፤ አብሮ ያደገው ታናሽ ወንድሙ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አወጣ።

ወንዝ ዳር ያለው ማሳ ሄደ፤ ለእሱ ጭንጫዋ ቀረችለት። መሬቱስ መሬት ነው፣ ይሁን። ቃሉ ግን እቤት ድረስ ተከትሎት መጣ። ደቦ ቢጠራ የሚመጣ ጠፋ። ሚስቱ እልፍነሽ ውኃ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን እያነሱ ዘወር ይሉባት ጀመር። ትንሿን ልጁን ሰርክአዲስን የመንደር ልጆች "የአድኃሪ ልጅ" እያሉ ከጨዋታ ያስወጧት ነበር። እሷ ደግሞ ቃሉ የአውሬ ስም መስሏት "አባዬ፣ አድኃሪ ይናከሳል?" ብላ ጠየቀችው። በሁለተኛው ክረምት ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ።

መተማ ሰውን ከየት መጣህ አይልም፤ ማረም ትችላለህ ወይ ነው የሚል። ውባንተ ማረም ይችላል። የባለሀብት ሰሊጥ እያረመ፣ ካምቦ በሚሉት የእርሻ ሰፈር ውስጥ ከቀን ሠራተኛ ጋር እያደረ፣ ወባ እየጣለው እየተነሣ፣ በኋላም የሰው መሬት በእኩል እያረሰ ከረመ። ቀበሌው በስተመጨረሻ ለሰሊጥና ለማሽላ የምትሆን ቦታ ሰጠው። ጎጆ ቀለሰ። እልፍነሽ በቆላው ሙቀት እየተማረረችም ቢሆን ሰው ሆና ኖረች። ውባንተ በበኩሉ አፉን ዘግቶ በእጁ ኖረ። የጎጃም አነጋገሩን እንኳ ሰው እየረሳው መጣ፤ ሲናገር የሚሰማው የለማ።

ሰርክአዲስ ግን አደገች፤ አስተማሪም ሆነች። ጎንደር ኮሌጅ ተምራ ስትመለስ እዚያው መንደራቸው ያለው ትምህርት ቤት ተመደበች። እናቷ እልል አለች። ውባንተ እልል አላለም፤ በነጋታው ግን ማንም ሳያዘው ተነሥቶ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን መንገድ እሾኹን መነጠረላት። ልጅቱ የምታስተምረው አራተኛ ክፍል ነው። አፍም አላት። እልፍነሽ "ይኼን አፍ ከየት አመጣሽው?" እያለች በጎን ባሏን ታየዋለች፤ እሱ ሰሚ አይደለም።

በጥቅምት በዚያ አገር ሰሊጥ ይደርሳል። ሰሊጥ ደግሞ ሲደርስ ቀን አይሰጥም፤ ቶሎ ካልታጨደ ይረግፋል። ስለዚህ ትልቅ ትንሹ ማሳ ይወርዳል፤ ክፍሉም ባዶውን ይቀራል። ሰርክአዲስ ሁለት ዓመት ይኼን አየችና በመምህራን ስብሰባ ላይ ተናገረች። ትምህርቱን ቀደም ብለን በነሐሴ እንጀምርና በአጨዳው ሳምንታት እንዝጋ፤ ልጆቹ አጭደው ይመለሳሉ፤ አለዚያ ወጥተው በዚያው ነው የሚቀሩ አለች። ስብሰባውን የሚመራው አካባቢውን የሚከታተል ሙሉአለም የሚባል ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም። እሱም በፊተኛው ወር "ትግል የለህም፣ ሁሉን ታቅፈህ ነው የምትኖር" ተብሎ ተገምግሞ አንገቱ ላይ ገመድ ያለበት ሰው ነው።

"ካላንደሩ ለሁሉም አንድ ነው" አላት።

"ይሁን፤ ልጆቹ ግን የሉም። በጥቅምት ለባዶ ወንበር ነው የማስተምር።"

"ይኼ ሥራውን ወደ ኋላ የሚጎትት፣ አድኃሪ አመለካከት ነው።"

"አቶ ሙሉአለም፣ አዲስ ነገር ያመጣሁ እኔ፤ እንደ ድሮው ይቀጥል የሚሉት እርስዎ። ታዲያ ወደ ኋላ የሚጎትተው ማን ነው?"

መምህራኑ ሳቁ። መዘዙም እዚህ ላይ መጣ፤ ባይስቁ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ሙሉአለም ፊቱ ጠቆረ፤ መልስ ግን አላጣም።

"አድኃሪ ማለት አሮጌ ነገር የሚወድ ማለት አይደለም፣ መምህርት። አቅጣጫ ከተሰጠ በኋላ ሌላ የሚያስብ ማለት ነው።"

የቃሉን ፍቺ የሚፈልግ ሰው ካለ ይኼው፤ ሰውዬው እቅጩን ነው የነገራት። ስንቱ በዚህ ቃል ኖሮበት፣ ስንቱ በዚህ ቃል ተነቅሎበት፣ እንዲህ አጥርቶ የተናገረ አልነበረም።

ነገሩ አደረና ሕዝባዊ ግምገማ ሆነ። መምህርቷ ከዚህ ትምህርት ቤት ትነሳ የሚል ሐሳብ ለወላጆች ሊቀርብ ቀን ተቆረጠ። ከዚህ ከተነሣች የሚጠብቃት ከሽንፋ ወዲያ፣ በክረምት መኪና የማይገባበት ቦታ ነው። እልፍነሽ ያን ሰሞን ወባ ጥሏት አልጋ ይዛለች፤ ልጇ የምትሄድ ከሆነ ማን ውኃ እንደሚያቀብላት እንጃ። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ልጅቱ ላይ የሚለጠፈው ያ ቃል ነው። ከጎጃም የሸሹት ቃል።

የግምገማው ቀን ጠዋት ዳኛው የሚባለው ርዕሰ መምህር ወደ ውባንተ ቤት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጋሼ ውባንተ፣ እኛ መምህራኑ ድምፅ የለንም፤ የሚወስነው ወላጅ ነው። አሠራሩን ልንገርዎት። ሁሉም ካወጣ በሙሉ ድምፅ ተብሎ እዚያው ያልቃል። አንድ ሰው እንኳ ካላወጣ ግን ነገሩ ወደ ላይ ሄዶ እንደገና ይታያል። እዚያ ደግሞ እኔ የማነጋግራቸው ሰዎች አሉ፤ ትተርፋለች። ይናገሩ አልልዎትም። ይቃወሙም አልልዎትም። እጅዎን ዝም ብለው ጭንዎ ላይ ያስቀምጡልኝ፤ በቃ" አለው።

"እሺ" አለ ውባንተ።

እልፍነሽ ከአልጋዋ ላይ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች ጠራችው። "ሰማህ አይደል? እጅህን አታወጣም።"

"አላወጣም።"

"እስቲ ድገመው።"

"እጄን አላወጣም አልኩሽ እኮ እልፌ። ለልጄ ነው።"

እውነቱን ነው የተናገረ። ውሸት የለበትም። ሲወጣም ቆርጦ ነው የወጣ።

ስብሰባው የሚደረግበት ዳስ በአገዳ የተሠራ ነው፤ ፀሐዩ በየክፍተቱ እየገባ የሰው ጀርባ ይጠብሳል። ውባንተ ዛሬ ሌላ ቦታ ልቀመጥ ብሎ ነበር። ይርዳው ግን ገና ሲያየው "ና እዚህ፣ ቦታህን ይዤልሃለሁ" አለው። እንግዲህ ጎረቤት ቦታ ይዞ ሲጠራ ምን ይባላል? ሄዶ እንደ ልማዱ ከይርዳው ትከሻ ጀርባ ተቀመጠ። ሰርክአዲስ ፊት ለፊት፣ ለብቻዋ በወጣች ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነጭ ሻሽ አስራለች። አባቷን ስታየው ፈገግ አለችለት፤ ዳኛው አባትሽ እጁን አያወጣም ብሎ ነግሯት ነበር።

ሙሉአለም መናገር ጀመረ። ስለ ትምህርት ጥራት ተናገረ፤ ስለ ልማት ሠራዊት ተናገረ፤ ስለ እንቅፋቶች ተናገረ። ድምፁ ወጣ ገባ የለውም። ውባንተ ይኼን ድምፅ ያውቀዋል፤ ሰዎቹ ይለዋወጣሉ እንጂ ድምፁ አንድ ነው። ሁሉንም ሰማ። የልጁን ስም ሰማ፣ አድኃሪ ሲል ሰማ፣ ከሽንፋ ወዲያ ሲልም ሰማ። አንዲት አሰበች የምትባል ሴት ተነሥታ "ኧረ ልጅቱ ጎበዝ ናት፣ ልጆቻችንን አስተምራልናለች" አለች። ሙሉአለም "እንግዲህ ከአድኃሪ ጎን የሚቆም ካለ አብሮ ይታያል" አለና አስቀመጣት። አሰበች ባሏ አምና የሞተባት፣ መሬቷን በሰው ቸርነት የያዘች ሴት ናት፤ ተቀመጠች።

"መምህርቷ ከዚህ ትምህርት ቤት ትነሳ የሚለውን የምትደግፉ?"

የይርዳው እጅ ተነሣ።

ውባንተ የይርዳውን እጅ አየው። ከዚያ ልጁን አያት። ልጁ ደግሞ የምታየው እሱን ሳይሆን ከራሱ በላይ ያለውን ነገር ነው። ምን እያየች ነው ብሎ ቀና ሲል እጁ ነው። የራሱ ቀኝ እጅ፣ ከሁሉም እኩል ተዘርግቶ ቆሟል። መቼ እንደተነሣ አላወቀም። ላውርደው አለ በልቡ። አሁን አወርደዋለሁ አለ። እጁ ግን የሌላ ሰው ይመስል እዚያው ቆመ።

ሙሉአለም ራሱ ደነገጠ። እሱም አባትየው እንደማያወጣ ገምቶ ምን እንደሚል አዘጋጅቶ ነበር። አየውና ፊቱ በራ። "አባቷም ደግፈዋል! በሙሉ ድምፅ ጸድቋል! ይኼ ነው ለሁላችን ምሳሌ የሚሆን! ለአቶ ውባንተ ይጨብጨብላቸው!" አለ። ሰው አጨበጨበ። ውባንተም አጨበጨበ።

አዎ፣ አጨበጨበ። ሰው በልጁ ያጨበጭባል ወይ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። እዚያ የነበሩት ሁሉ አይተውታል፤ ሁለት እጁን እያጋጨ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይኖር፣ ሌሎቹ ሲያቆሙ አቆመ።

ወሬው እሱ ሳይደርስ እልፍነሽ ዘንድ ደረሰ። ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። "ውኃ ልስጥሽ?" አላት። ጋቢዋን እስከ ራሷ ሳበች። ውኃውን ቀድቶ አጠገቧ አስቀመጠና በሩ ላይ ቁጭ አለ። ማታ ሰርክአዲስ መጥታ እናቷን አገላብጣ፣ አጥሚት ሠርታ፣ ለአባቷም እንጀራ አቀረበች። ስለ ስብሰባው አንድም ቃል አላነሣችም። እሱም በላ።

የምትሄድበት ቀን ሲደርስ እልፍነሽ ድና ቆማ ነበር። ልጇን ደጅ ድረስ ሸኝታ፣ አቅፋ አልለቅም ብላ፣ በስንት ልመና ተመለሰች። ሸሕዲ ከተማ፣ መናኸሪያው ድረስ የሸኛት ውባንተ ነው። ፍራሿን ተሸክሞ ከሚኒባሱ አወረደላት፤ ሽንፋ የሚሄደው የጭነት መኪና ጆንያ እየጫነ ስለነበር ጥላ ፈልገው ተቀመጡ። መናኸሪያው ሥራ ፈላጊ በሞላበት ሰዓት ነው፤ ሾፌር ይጮኻል፣ ረዳት ይጮኻል። ከጎናቸው ከወሎ የወረዱ ልጆች ማን ጋ እንደሚቀጠሩ ይከራከራሉ።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች ሰርክአዲስ።

"ጠይቂኝ።"

"ተቀይመኸኝ ነበር? አፏን አላሳርፍ አለች ብለህ?"

"ኧረ ለምን ብዬ!"

"መሬቱን እንዳይነኩብህ ብለህ ነው?"

"መሬቱን አላሰብኩትም።"

"ሳትሰማ ቀርተህ ነው? ስሜን ሲጠራ አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ ልጄ። ሁሉንም ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ውባንተ አሰበ። ሊዋሻት አልፈለገም፤ የሚዋሸውም አላገኘም። "እንጃ" አላት። "የይርዳው እጅ ተነሣ።"

ሰርክአዲስ ግምገማው ላይ አላለቀሰችም፤ እናቷንም ስትሰናበት አላለቀሰችም። አሁን ግን ሰው ይየኝ አይየኝ ሳትል እንባዋ ወረደ። ሻሿን ፈታ ፊቷን ሸፈነች። ረዳቱ "ሽንፋ! ሽንፋ! ሞልቷል፣ ውጡ!" እያለ የመኪናውን ጎን በእጁ ይደበድባል።

"እንደሱ አትበለኝ" አለችው፣ እጁን ይዛ። "እባክህ አባዬ፣ እንደሱ ብለህ አትላከኝ። ፈራሁ በለኝ። የፈራ አባት ይገባኛል። እዚያ ሆኜ ሳስብህ፣ አባቴ ፈርቶ ነው እላለሁ፣ ያልፍልኛል። ፈራሁ በለኝና ልሂድ።"

ውባንተ ልጁን አያት። በሕፃንነቷ አድኃሪ ይናከሳል ወይ ብላ የጠየቀችው ዓይኗ ነው፤ አልተለወጠም።

"ፈራሁ" አላት።

"እውነት?"

"ፈራሁ ልጄ። ልቤ እስኪጠፋ ፈራሁ።"

ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመችው። እሱም ትከሻዋን ይዞ ግንባሯን ሳማት፣ "እግዜር ይከተልሽ" አላት። ረዳቱ እጇን ስቦ ጆንያው ላይ አወጣት፤ ፍራሿን ውባንተ ከታች አቀበላት። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

ኮኪት የሚመለሰው ሚኒባስ ገና አልሞላም ነበር። ውባንተ ኋላ ወንበር ላይ ገብቶ ተቀመጠ። ያን ቀን ዳሱ ውስጥ እጁ ሲነሣ ምን ተሰምቶት እንደነበር ሊያስታውስ ሞከረ። ፈልጎ ፈልጎ ምንም አላገኘም። የምር ፈርቶ ቢሆን ኖሮ ብሎ ተመኘ።